የሳምንቱ ዜናና የክፍል ትምህርት በአነስተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

1. መግቢያ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ሰንዳፋና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ ከመውጣቱ በፊት ካራን ያቋርጣል። ካራ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሲሆን በስተሰሜኑ ከእንጦጦ ጋር የተያያዙት ባሕር ዛፍ የለበሱ ተራሮች ይታያሉ። ከተማና ገጠር የሚገናኙበት ሥፍራ በመሆኑም ወሬ አያጣም። ከተራራው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ከገበያ የሚመለሱ ሸማቾች፣ ከሰሜን ሸዋ እህል ጭነው የሚገቡ መኪኖች ረዳቶች፣ እያንዳንዳቸው ያዩትንና የሰሙትን ይዘው ያልፋሉ። በዚህ ዓይነት መንገድ ዳር የሚያድጉ ሕፃናትም ይህን ሁሉ ያዳምጣሉ። የውሃው ፈረቃ ስለ መዛባቱ፣ የጎረቤት ላም ስለ መውለዷ፣ የሽንኩርት ዋጋ ስለ መጨመሩ እየተነጋገሩ ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ።

ይሁን እንጂ ደወል ተደውሎ ትምህርት ሲጀመር ይህ ሁሉ ከክፍሉ በር ውጭ ይቀራል። በደጅ አንደበተ ርቱዕ የነበረው ልጅ መጽሐፍ ሲገለጥ ዝም ይላል፤ እንዲያነብ ሲታዘዝ ደግሞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል እንጂ የተጻፈው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ አያገኝም። ይህ ሁኔታ ለማንኛውም የመጀመሪያ ክፍሎች መምህር እንግዳ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ፣ ማለትም ሳምንታዊ የክፍል ዜና፣ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራበት ማስረዳት ነው። ለማብራሪያው መነሻ የተደረገው አነስተኛ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በብዙ አገሮች በየሳምንቱ ለወላጆች ዜና የመላክ ልማድ ያላቸው በመሆናቸው ልማዱን መርምሮ ጥቅሙንና ጉድለቱን ለመለየት ያመቻል። ሁለተኛ፣ የተማሪው ቁጥር አነስተኛ በሚሆንበት ሥፍራ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅና ቤተሰቡን ስለሚያውቅ ዘዴውን ለመሞከር የተሻለ ዕድል ይኖራል። የሚቀርበው አሠራር ግን ለማናቸውም የመንግሥት፣ የሕዝብ ወይም የግል ትምህርት ቤት ሊያገለግል የሚችል ነው።

2. ሁለት ዓይነት ሳምንታዊ ዜና

በአየርላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም አገሮች የሚገኙ አነስተኛ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በሳምንቱ መጨረሻ ለየቤተሰቡ አንድ የዜና ወረቀት ይልካሉ። በወረቀቱ ላይ የየክፍሉ የሳምንት ትምህርት፣ የሚከበረው በዓል፣ የስፖርት ውጤት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም፣ ሌላው ቀርቶ በግቢው ወድቆ የተገኘ ሹራብ ሳይቀር ይገለጻል። በአገራችንም ተመሳሳይ ተግባር የሚያከናውኑ መንገዶች አሉ። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነገረው ማስታወቂያ፣ በብዙ የግልና የሚስዮን ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የወላጅና የመምህር መገናኛ ደብተር፣ በአሁኑ ጊዜም በከተማ እየተለመደ የመጣው የቴሌግራም መልእክት በዚህ ረድፍ ይመደባሉ።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ ባሕርይ ከትምህርት ቤቱ ተነሥተው ወደ ወላጅ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ስለ ልጁ ይናገራሉ እንጂ ልጁ በእነርሱ አይናገርም። የቴሌግራም መልእክት ከመምህሩ ስልክ ወደ አባት ወይም ወደ እናት ስልክ ሲሻገር በልጁ ራስ ላይ ያልፋል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ደግሞ መልእክቱን በጎረቤት ያስነብባል፤ ወይም ጨርሶ ይተወዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ሳምንታዊ ዜና ልጆቹ ራሳቸው የሚሰበስቡት፣ የሚመረምሩት፣ የሚጽፉትና የሚያነቡት ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የታወቀው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለዚህ ይቀርባል። ሆኖም በሚኒ ሚዲያ የሚሳተፉት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ጎበዝ አንባቢዎች ናቸው። ድምፅ ማጉያው ፊት የሚቆመው አስቀድሞ ማንበብ የሚችለው ልጅ ሲሆን፣ ልምምዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ልጅ በሰልፍ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሳምንታዊ ዜና ለትምህርት የሚጠቅመው የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ሥራ ሲሆን፣ እውነትነቱ ሲመረመርና ልጁ ወደ ቤቱ ወስዶ ለቤተሰቡ ሲያነበው ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

3. የንባብ ችግርና የዜና ጽሑፍ

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ ለማወቅ ምዘና ተካሂዶ ነበር። የምዘናው ውጤት ብዙ ልጆች ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ እንዳልቻሉ በማሳየቱ የትምህርት ባለሙያዎችን በእጅጉ አሳስቧል። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ክፍሎች የቋንቋ መጻሕፍት ተሻሽለዋል፤ ለመምህራንም ሥልጠና ተሰጥቷል። ችግሩ ግን ተወግዷል ለማለት አይቻልም።

በአማርኛ ንባብ ረገድ ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የፊደል ገበታውን ቅደም ተከተል ይመለከታል። ልጁ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 33 መደበኛ ፊደላት ከነሰባት ድምፆቻቸው በዜማ ሊያወርድ ይችላል፤ 231ዱንም ሳይሳሳት ይጠራ ይሆናል። ከመካከል አንዱን ለይተው ሲጠይቁት ግን ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይደርስበትም። እንዲህ ያለው ልጅ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ፊደላቱን ከገበታው ውጭ፣ እርሱ በሚያውቀው ቃል ውስጥ፣ በየቀኑ ሊያገኛቸው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ነጥብ መጥበቅና መላላት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን በምልክት ስለማያሳይ አንባቢው ቃሉን በትክክል ለመጥራት ትርጉሙን መረዳት አለበት። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «በሰፈራችን ውሃ አለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በትክክል የሚያነብ ልጅ ሐሳቡን የተረዳ ልጅ ነው። ስለ ሰፈሩ ውሃ የተጻፈ ጽሑፍ ለካራ ልጅ ይህን መረዳት ያቀልለታል፤ ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ትኩረቱን በጽሕፈቱ ላይ ሊያደርግ ይችላልና።

የመጻፍ ልምምድም እንዲሁ በዜና ይጠናከራል። አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ የትኛው በየት እንደሚገባ የሚነሣው ጥያቄ ልጁ ለሌላ ሰው የሚነበብ ነገር ሲጽፍ የራሱ ጥያቄ ይሆናል። መምህሩ ብቻ በሚያየው የልምምድ ደብተር ላይ ግን ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም።

4. የዜና ባህል በአገራችን

ዜናን መሰብሰብና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን አዋጅ ነጋሪ ሕዝቡን ሰብስቦ አዋጁን ካሰማ በኋላ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» በማለት እያንዳንዱን አድማጭ መልእክተኛ ያደርገው ነበር። መኳንንቱም የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። በሜዳ ላይ ያለው እረኛ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ስለሆነ አባባሉ የልጅ ቃል እንደ ዜና ምንጭ ይቆጠር እንደነበር ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ ለመምህራን ትምህርት የሚሆነው የአፋር ሕዝብ የዳጉ ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው በተራ ዜና ይለዋወጣሉ። ተናጋሪው ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጤናና ስለ ጸጥታ ያየውን ለይቶ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ጠቅሶ ያስረዳል። አድማጩ ሳያቋርጥ ካዳመጠ በኋላ ይጠይቃል፤ ከሌላ ከሰማው ጋር ያመዛዝናል፤ ከዚያም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላው የማድረስ ግዴታ አለበት። ሐሰት የሚያወራ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ አመኔታ ያጣል። የመንጋና የሰው ሕይወት በዜናው ትክክለኛነት ላይ ስለሚመሠረት ሥርዓቱ ጥብቅ ነው።

የአማርኛ ቋንቋም ያዩትን ከሰሙት የሚለዩ አነጋገሮች አሉት። «መንገዱ ተዘግቷል፤ አይቻለሁ» እና «መንገዱ ተዘግቷል አሉ» አንድ አይደሉም። «ተባለ»፣ «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት ሁሉ የእርግጠኝነትን ደረጃ ያመለክታሉ። ልጆች በንግግራቸው ይጠቀሙባቸዋል፤ ልዩነታቸውን አስበውበት ግን አይደለም። የልዩነቱ አስፈላጊነት ጎልቶ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስለ በሽታው መንሥኤና መድኃኒት የሚነገረው እውነትና ሐሰት ተቀላቅሎ በየቤቱ ገብቷል። ሰምቶ ለመለየት ያልሠለጠነ ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጎዳው በፈተና ውጤት ብቻ አይደለም።

የጽሑፍ ጋዜጣ ታሪካችንም ለአነስተኛ ትምህርት ቤት ተስፋ የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ በግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ አዘጋጅነት የተጀመረው «አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይታደል ነበር። በሐረርም የካፑቺን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ማሪ በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀምረዋል፤ ሥራውም በዚያው ከነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ጋር የተያያዘ ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን» በበኩሉ መጀመሪያ ይታተም የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ እንደሚታየው ጋዜጣ ለመጀመር ታላቅ ማተሚያ ቤት ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ሃያ አራት ቅጂ በእጅ መጻፍ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

5. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ልምድ

ዜናን የክፍል ትምህርት ካደረጉት መምህራን መካከል ፈረንሳዊው ሴሌስተን ፍሬኔ (1896–1966 እ.ኤ.አ.) በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ በመቁሰሉ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ለመናገር ይቸገር ነበር። በባር ሱር ሉ መንደር በሚያስተምርበት ጊዜ ልጆቹን ወደ መስክና ወደ እደ ጥበብ ሠራተኞች ዘንድ ይወስዳቸው ጀመር፤ ሲመለሱም ያዩትን በሰሌዳ ላይ በጋራ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 አነስተኛ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ የልጆቹን ጽሑፍ ማተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በብሪታኒ ከሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ጋር የጽሑፍ ልውውጥ አደረገ። የደቡቡ ልጆች ለሰሜኖቹ ስለ መንደራቸው ሲጽፉ አንባቢያቸው ነገሩን የማያውቅ መሆኑን ስለሚያስታውሱ ግልጽ አድርገው ለመጻፍ ተገደዱ።

የኢጣሊያው ልምድ ለያዝነው ርእስ ይበልጥ ይቀርባል። ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ የተባሉ የካቶሊክ ካህን እ.ኤ.አ. በ1954 ከፍሎሬንስ በስተሰሜን በተራራ ላይ ወደምትገኘው ባርቢያና መንደር ተመደቡ። ሥፍራው መንገድ ያልገባለትና በጥቂት የገበሬ ቤተሰቦች ብቻ የሚኖርበት ነበር። ካህኑ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለወደቁና ለተገፉ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያም ጋዜጣ በየቀኑ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር። ያልታወቀ ቃል ሲያጋጥም ንባቡ ይቆማል፤ ቃሉ ይብራራል፤ አገሩ በካርታ ይፈለጋል፤ ነገሩ ከልጆቹ ኑሮ ጋር ይነጻጸራል። ታላላቆቹ ልጆች ታናናሾቹን ያስተምሩ ነበር።

የባርቢያና ልጆች በጋራ የመጻፍ ዘዴያቸው ይታወቃሉ። ከኢጣሊያዊው መምህር ከማሪዮ ሎዲ ተማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ደብዳቤ በተለዋወጡበት ወቅት ያጠናከሩት ይህ ዘዴ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ለየብቻ ይጽፋል። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ተመሳሳዮቹ በአንድነት ይመደባሉ፤ ቅደም ተከተል ይወጣላቸዋል። ከዚያም ትርፍ ቃል ሁሉ ይቀነሳል፤ ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ይከፈላል፤ ለተራ ሰው የማይገባ ቃል ይለወጣል። በዚህ ዘዴ የተዘጋጀውና ድሆች ልጆችን የሚጥለውን የትምህርት ሥርዓት የሚተቸው «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ዶን ሚላኒ መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አርፈዋል።

ከሁለቱ ልምዶች የሚገኘው ቁም ነገር ተመሳሳይ ነው። በትናንሽና ሩቅ ትምህርት ቤቶች ዜናው ልጁን ከዓለም ጋር አገናኝቷል፤ ይህ የሆነው ግን ልጁ የዜናው አድማጭ ብቻ ሳይሆን ሠሪውም በመሆኑ ነው።

6. የአንድ ሳምንት አሠራር

አሠራሩ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የተማሪው ደብተር ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ለሦስተኛ ክፍል የሚሆን ምሳሌ ነው።

ሀ) ሰኞ፤ መሰብሰብ። ልጆቹ በትናንሽ ቡድኖች ሆነው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዜና ይመርጣል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምዶች ከፍሎ «ያየነው» እና «የሰማነው» በሚሉ አርእስት ሥር ይመዘግባል።

ለ) ማክሰኞ፤ መመርመር። ለምሳሌ አንድ ልጅ «ውሃ ጠፍቷል አሉ» ብሎ ቢናገር መምህሩ አይነቅፈውም። «ማን አለ? የት ሰፈር? ከመቼ ጀምሮ? አንተስ ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሌሎቹ ልጆችም ከየሰፈራቸው ያውቃሉና ይጨምራሉ ወይም ያርማሉ። ያልተረጋገጠው ጉዳይ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል። የክፍሉ ዜና የሚሆነው በድምፅ ብልጫ ይመረጣል።

ሐ) ረቡዕ፤ መጻፍ። ልጆቹ እየተናገሩ መምህሩ ወይም አንድ ተማሪ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ከላይ የተጠቀሰው ወሬ ተጣርቶ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፤ «በሰፈራችን ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ውሃ አልመጣም። እኔና እህቴ በየቀኑ ከጎረቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀዳን። ቅዳሜ ሌሊት ውሃው መጣ።» የፊደል ግድፈት በዚሁ ጊዜ በጋራ ይታረማል። ልጆቹ የተስማሙበትን ሐሳብ መምህሩ በራሱ አነጋገር እንዳይለውጥ መጠንቀቅ አለበት።

መ) ሐሙስ፤ ማስፋት። አንድ ዜና ወደ ሌሎች ትምህርቶች የሚወስድ በር ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ቢይዝና ቤተሰቡ አምስት ሰው ቢሆን ለእያንዳንዱ በቀን ስንት ሊትር ደረሰው? መልሱ 8 ሊትር ነው፤ ልጆቹ ይህ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና ይበቃ እንደሆነ ይወያያሉ። በአካባቢ ሳይንስ ደግሞ የአዲስ አበባ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ይነሣል። ከተማዋ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ታገኛለች። ከእነዚህ ውስጥ ለገዳዲ በካራ በኩል ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚገኝ በመሆኑ ግድቡን በመንገድ ሲያልፍ ያየ ልጅ ከክፍሉ አይጠፋም። የእንጦጦ ተራሮች ዛፍና አፈር፣ ጎርፍና ምንጭ የሚያጠኑትም በዚሁ ጥያቄ ተመርተው ይሆናል።

ሠ) ዓርብ፤ ማንበብና ማድረስ። እያንዳንዱ ልጅ ዜናውን በደብተሩ ገልብጦ ከጓደኛው ጋር ያነብበዋል። ቅዳሜና እሑድ ለአንድ የቤተሰብ አባል ያነብባል። በተለመደው የመገናኛ ደብተር ወላጅ እንዲፈርም ይጠየቃል፤ በዚህኛው ግን የሚጠየቀው መልስ ነው። አድማጩ «ይህ እውነት ነው»፣ «ይህ ቀርቷል»፣ «በእኔ ልጅነት ውሃ የምንቀዳው ከእዚያ ነበር» በማለት አንድ ነገር ይጨምራል። ልጁ ያንን መልስ ሰኞ ይዞ ይመጣል፤ የቀጣዩ ሳምንት ዜናም ከዚያ ይጀምራል።

የመጨረሻው ደረጃ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ፊደል ያልቆጠረች እናት መፈረም ስለማይሆንላት ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ፊት አፍራ ልትቀር ትችላለች። ልጇ ሲያነብላት አዳምጣ ለመመለስ ግን ከማንም አታንስም። እንዲያውም ስለ ተራራው፣ ስለ ገበያውና ስለ ቀድሞው ሰፈር መምህሩ የማያውቀውን ልትነግር ትችላለች። ልጁም ንባብ ለፈተና ብቻ የሚደረግ አለመሆኑንና በቤቱ የሚፈለግ አገልግሎት መሆኑን በዚህ ይረዳል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሚሊዮኖች ማንበብን ሲያስተምር፣ የተማሩት እንዳይረሱ የሚነበብ ነገር በቅርብ ማግኘት እንዳለባቸው ተገንዝቦ የማጠናከሪያ ጽሑፎችንና የንባብ ቤቶችን ማዘጋጀቱ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የተገኘ ችሎታ ካልተሠራበት ይደበዝዛል።

7. መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

አሠራሩ ጥቅም እንዳለው ሁሉ አደጋም ስላለው የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

ሀ) የቤት ምስጢር። ሕፃን የሚነገረውንና የማይነገረውን ሁልጊዜ አይለይም። የወላጆች ጠብ፣ በሽታ፣ ዕዳ፣ የአንድ ዘመድ መታሰር በሰኞው ንግግር ላይ ሊወጣ ይችላል። መምህሩ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጽፍ በዝግታ ሊያልፈውና ልጁን በኋላ ለብቻው ሊያነጋግረው ይገባል። «ሰው የሚያሳፍር ዜና አይጻፍም» የሚለውን ደንብ ክፍሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማወቅ አለበት።

ለ) የእምነት ልዩነት። በአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት የካቶሊክ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና ተከታይ ቤተሰቦች ልጆችም አብረው ይማራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል። በመሆኑም የመስቀል ደመራ፣ የጥምቀት ታቦት አወጣጥ፣ የኢድ በዓል አከባበር ልጁ እንዳየው በዜና ሊገባ ይችላል፤ የሌላውን እምነት የሚነካ አስተያየት ግን ዜና አይደለም።

ሐ) የቋንቋ ልዩነት። ካራ የከተማውና የኦሮሚያ ወሰን በሚቀራረቡበት አካባቢ የሚገኝ በመሆኑ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች ይኖራሉ። እነዚህ ልጆች የሰኞውን ዜና በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲናገሩና ጓደኞቻቸው እንዲያግዟቸው መፍቀድ ከዝምታ ያድናቸዋል።

መ) የአካባቢው ስሜት። የፍሬኔ ተማሪዎች ጽሑፍ በሴን ፖል መንደር ከፍ ያለ ውዝግብ አስነሥቶ መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1933 ሥፍራውን ለመልቀቅ ተገዷል። ስለዚህ አሠራሩ ከመጀመሩ በፊት ዓላማው በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ መገለጽ አለበት።

ሠ) የፊደል ትምህርት። ሳምንታዊ ዜና በሥርዓት የሚሰጠውን የፊደል ትምህርት አይተካም። ፊደል ያልለየ ልጅ በዜና ብቻ ማንበብ አይችልም። የዜናው ድርሻ ልጁ የለየውን ፊደል ትርጉም ባለው ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

8. ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርብ አስተያየት

አዲስ ሐሳብ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ቶሎ ወደ ውድድርና ወደ ሪፖርት መለወጡ ነው። የተሻለ ዜና ያወጣ ክፍል ሽልማት የሚሰጠው ከሆነ መምህሩ ጎበዞቹን መርጦ ያሠራል፤ ደካሞቹ እንደገና ወደ አድማጭነት ይመለሳሉ። ለእንግዳ ጉብኝት ሲባል በቀለም አጊጦ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዜናም ልጆቹ ያነቡት መሆኑን አያረጋግጥም። ስለዚህ በሱፐርቪዥን ጊዜ የሚታየው የወጡት ዜናዎች ብዛት ሳይሆን ሦስት ነገሮች ቢሆኑ ይመረጣል፤ በወሰነ ትምህርቱ ውስጥ ዜና ያቀረቡ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ከክፍሉ በዘፈቀደ የተጠራ ልጅ የሌላ ክፍል ዜና አንብቦ ማስረዳት መቻሉ፣ ከቤት የመጡ መልሶች በደብተሩ መገኘታቸው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ረገድም ለዚሁ ለየካ አካባቢ ቅርብ የሆነው የኮተቤ ተቋም ይታወሳል። ይህ ተቋም ለረጅም ዓመታት በመምህራን ትምህርት ሲያገለግል ቆይቶ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዕጩ መምህራን በተግባር ልምምድ ላይ ሳሉ በአቅራቢያቸው ካሉ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ክፍል ለአንድ ወሰነ ትምህርት አሠራሩን ሞክረው ውጤቱን ቢመዘግቡ፣ ለወደፊቱ ውሳኔ የሚረዳ መረጃ በአነስተኛ ወጪ ሊገኝ ይችላል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ሳምንታዊ የክፍል ዜና ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜና የመምህሩን የማዳመጥ ትዕግሥት ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ ወላጅ የሚላከው ማስታወቂያ አስፈላጊ በመሆኑ ሊቀጥል ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያው ጎን ልጁ ራሱ የሚናገርበት፣ የተናገረውን የሚያጣራበትና ጽፎ ለቤተሰቡ የሚያነብበት ሁለተኛ ዜና ሊኖር ያስፈልጋል።

የሥራውን ፍሬ ለመመዘን የተለየ መሣሪያ አያሻም። መምህሩ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የዜናውን መዝገብ ከክፍሉ የስም ዝርዝር ጋር ያስተያይ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተገኘ ልጆች ካሉ እነርሱ በክፍል ውስጥ እየተቀመጡ ያልተሰሙ ልጆች ናቸው። የሚቀጥለው ሳምንት ዜና ከእነርሱ መጀመር ይኖርበታል።